ባልወለወልኳት ኖሮ

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነው። መብራት የለም፣ ስልኬ 23 ፐርሰንት ላይ ነው፣ ጣናም ከበረንዳው አይታይም፣ ጉም ውጦታል። ሐምሌ ባህር ዳር ላይ እንዲህ ሲያደርገው ሰው ወይ ይተኛል ወይ የማያገባውን ይነካካል፣ እኔ የማያገባኝን መረጥኩና ያቺን ሽጉጥ አወጣኋት።

ከዘጌ በቡና ከረጢት ተጠቅልላ የመጣችውን፣ ቅድመ አያታችን አድዋ ላይ ከጣሊያን ኮሎኔል ማረካት የምትባለውን። (ፈቃዷ በጋሸ ስም ነው፣ ጥይቱን የምትመታዋም ብረት ጫፏ ከተሰበረ ስንት ዘመኑ፣ በዚህ ጊዜ ይሄን ቀድሞ መናገር ይሻላል።) ከኔ የሚፈለገው ቅዳሜ ማህበርተኞቹ ሲመጡ ሳሎን እንድትሰቀል አጽድቼ መስጠት ብቻ ነበር። የስፌት መኪና ዘይት ውስጥ ሁለት ቀን ነክሬያት ስለነበር ዛሬ በነሐስ ብሩሽ ቀስ እያልኩ አሸኋት፣ የእጀታዋን እንጨት ደግሞ የተልባ ዘይት አጠጣሁት። ያ መካኒኩ ጓደኛችን ብርጭቆ ወረቀት እንዳታስነካት፣ ማህተሙን ይበላዋል ብሎኝ ነበር። ምናለ አፉን በያዘ።

ዝገቱ ሲለቅ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ስድስት ጎራሽ ናት፣ አፈሙዟ ስምንት ማዕዘን፣ ምላጯ እንደ ሰንጢ የሚታጠፍ፣ ዙሪያውን የሚከልል ቀለበት እንኳን የለውም። ጎኗ ላይ ትንሽ በር አለች፣ ጥይት በሷ በኩል አንድ በአንድ ነው የሚገባው። ስልኬ ላይ ሳገላብጥ አገኘኋት፣ ቦዴዮ፣ የጣሊያን፣ ሞዴል 1889። አድዋ በፈረንጅ 1896 ነው፣ ገጠመ! ብድግ ብዬ ልደውል ስል ከስር ያለውን አነበብኩ፣ የመኮንኖቹ አፈሙዙ ድቡልቡል ነው፣ ምላጩም ቀለበት አለው፣ የሚታጠፈው የተራ ወታደር ነው። እኛ ቤት ጠላው ሲሞቅ የሚፎከረው ደግሞ "የኮሎኔሉን ሽጉጥ የነጠቀ፣ የዚያ ልጅ!" እየተባለ ነው። እሺ ይሁን፣ ኮሎኔሉን ወደ ተራ ወታደር አወረድኩት፣ እሱም ቢሆን ባዶ እጁን አልመጣ።

ያኔ ማቆም ነበረብኝ። ማህተሟ ላይ ጠመኔ ቀባሁና በስልኬ ባትሪ አበራሁባት፣ ብሬሻ ይላል፣ የተሠራችበት የጣሊያን ከተማ ነው፣ ቀጥሎ 1917።

የነሱ 1917 በኛ 1909 ወይ 1910 ነው። አድዋ የካቲት 23፣ 1888። ቅድመ አያታችን ማረካት በተባለበት ቀን ሽጉጧ ለመሠራት ገና ሃያ ምናምን ዓመት ይቀራታል። ጋሸ "የኛ አቆጣጠር ቢሆንስ?" ማለቱ አይቀርም፣ እሱ ደግሞ ጭራሽ ያርቃታል።

ታዲያ ከየት አመጣት? በአምስቱ ዓመት ማርኮ ከሆነ እሰየው፣ አርበኛ ነው፣ ግን አርበኛ ሰው አድዋን መዋስ ምን አስፈለገው? ቡና ሸጦ ገዝቷት ይሆናል። ወይ ደግሞ... ጣሊያን ለባንዳ መሳሪያ ያድል ነበር። ይቺን አረፍተ ነገር ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ አጠፋኋት። እናቴ ልጅ ሆና ስለሱ ስትጠይቅ እማማ "እሱን ተይውና ቡናውን ቁዪ" ትላት እንደነበር ስትነግረን እንስቅ ነበር፣ ዛሬ ግን ያን ሁሉ ቡና ያስቆላት ምን እንደሆነ ማሰብ ጀመርኩ። ያን ሰው እኮ በፎቶ እንኳን አላውቀውም፣ ዝናብ ስለዘነበና መብራት ስለጠፋ ብቻ ከአድዋ አውርጄ ባንዳ ላደርገው ምን ቀረኝ።

ቅድም ጋሸ ደወለ። "ጸዳች?" አለኝ።

"ትንሽ ይቀራታል ጋሸ።"

ከዛ የማላፍር ሰውዬ፣ በቀረችኝ 4 ፐርሰንት ብረት ቶሎ እንዲዝግ ምን ይደረጋል ብዬ ፈለግሁ። ኮምጣጤና ጨው ይላል። ጨው አለ።