የተልባ ሸሚዝ

ዛሬ ከልጄ ጋር ዊሊያምስበርግ ዋልን፤ እ.ኤ.አ. ከ1699 እስከ 1780 የአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ዋና ከተማ የነበረችው፣ ዛሬ የዚያ ዘመን ኑሮና እደ ጥበብ ለጎብኚ የሚታይባት ናት። ሸማኔው ቤት ስደርስ እግሬ አልነሣ አለኝ። እኔ ተልባን የማውቀው ተቆልቶ፣ ተወቅጦና ተበጥብጦ ሲጠጣ ነው። የሸማኔው ቤት ሰዎች ግን አገዳውን ውሃ ውስጥ ነክረው ያበሰብሱታል፤ አድርቀው ይሰባብሩታል፤ በብረት ጥርስ ያበጥሩታል። የሚቀረው ረጅም ቃጫ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ ሸሚዝ ይሆናል። ድሩንና ማጉን ሳይ የእናቴ እንዝርት ፊቴ ድቅን አለ። ምነው አብራን በነበረች!

በ1770ዎቹ ከከተማዋ ነዋሪዎች ከግማሽ በላይ ጥቁሮች፣ አብዛኞቹም በባርነት የተያዙ ነበሩ። ይህን ስነግራት ልጄ የተሰቀለውን ነጭ ሸሚዝ እያየች «ታዲያ ማን ነበር የሚያጥበው?» አለችኝ። ከዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ብዙ አወራን።