ሰባት ቤት በኮርንዎል፦ የባለቤቴን ዘር ከኑዛዜና ከአጥቢያ መዝገብ እንዴት እንደቆጠርኩ

ሽማግሌ የተላከ ዕለት አባባ ሰባት ቤት ቆጠሩ። ደብረ ማርቆስ እቤታችን ተቀምጠው ከአባታቸው ጀምረው እስከ ሰባተኛው ድረስ አንድም ሳይደናቀፉ ስም በስም ጠሩና "በል እንግዲህ፣ የአንተስ?" ብለው ወደ ባለቤቴ ዞሩ። አስተረጎምኩለት። አባቱን ጠራ፤ አያቱን ጠራ፤ ቅድመ አያቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሽማግሌዎቹ "ከባሕር ማዶ ሰው ጋር ምን ዝምድና ይኖረናል፣ ይለፈው" አሉና ነገሩ በዚያው አለፈ። አባባ ግን እንግዶቹ ሲሄዱ ለብቻዬ ጠርተው "ዘር የሌለው ሰው የለም፤ ጠያቂ ጠፍቶ ነው። ፈልጊለት" አሉኝ።

ያን ቃል ለመፈጸም ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። ከስድስቱ ሁለቱ በራሴ ስህተት የሄዱ ናቸው፤ ይህን የምጽፈውም በዋናነት ስለ እነዚያ ሁለት ዓመታት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

የምንኖረው ብሪስቶል ነው። የባለቤቴ የአባት አገር ግን ኮርንዎል ነው፤ እንግሊዝ በደቡብ ምዕራብ በኩል ወደ አትላንቲክ የምትገፋው ጠባብ ምድር። የራሳቸው ቋንቋ የነበራቸው ሕዝብ ናቸው፤ ዛሬም እንደገና የሚማሩት አሉ። የቤተሰቡ ስም "ትሬ" ብሎ ይጀምራል፤ ሙሉውን ለቤተሰቡ ስል ልተወው። "ትሬ" በቋንቋቸው የእርሻ ሰፈር ማለት ነው። "በትሬ፣ በፖልና በፔን የኮርንዎል ሰው ይታወቃል" የሚል የቆየ አባባልም አላቸው። ስሙ እንግዲህ የሰው ሳይሆን የቦታ ነው። በጥንቱ ዘመን አንድ ሰው ወደ አንድ እርሻ ሲገባ የእርሻውን ስም ይይዝ ነበር፤ በደም የማይገናኙ ሁለት ቤቶች አንድ ስም ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። ይህን ከመጀመሪያው ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ ብዙ ድካም በቀረልኝ ነበር።

የጀመርኩት ከአማቴ ነው። በ1938 ሬድሩዝ በምትባል የኮርንዎል ከተማ የተወለዱ ሰው ናቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሻይ አፍልቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ያስታወሱትን ሁሉ ጻፍኩ፤ ማን የት ተቀበረ፣ ማን ከማን ጋር ተጣላ፣ ማን ወደ ውጭ ሄደ። በዓመቱ አረፉ። ሌላ ምንም ባትሠሩ በሕይወት ያሉትን ትልልቆች ዛሬውኑ ጠይቁ። መዝገቡ ይጠብቃችኋል፤ ሰው አይጠብቅም።

እስከ 1837 ድረስ ያለው መንገድ ቀላል ነው። ከዚያ ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ መንግሥት ልደት፣ ጋብቻና ሞት ይመዘግባል፤ የጋብቻው ወረቀት የሁለቱንም አባቶች ስምና ሥራ ስለሚይዝ አንድ ቤት በአንድ ጊዜ ያሻግራል። የሕዝብ ቆጠራውም ያግዛል፤ ግን የ1841ዱ የአዋቂዎችን ዕድሜ ወደ አምስት ብዜት ዝቅ አድርጎ ይጽፋል፣ የትውልድ አጥቢያንም አይናገርም። የ1851ዱ ይናገራል። እኔንም ወደ ግዌናፕ የመራኝ እሱ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ግዌናፕ በመዳብ የታወቀ አጥቢያ ነበር። በ1866 የመዳቡ ገበያ ሲወድቅ ግን ቆፋሪው ተሰደደ፤ ከባለቤቴ ዘመዶችም አንዱ ደቡብ አውስትራሊያ፣ ሙንታ ገብቶ ቀርቷል። አማቴ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተቀየረ። ያን ቀን ስለ እኔ መሰደድም ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቁኝ።

ከ1837 በፊት ያለው ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ነው። በ1538 የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀቱን፣ ጋብቻውንና ቀብሩን እንዲመዘግብ አዘዘ። በ1598 ደግሞ የወረቀቱ መዝገብ ወደ ብራና እንዲገለበጥና በየዓመቱ አንድ ቅጂ ለጳጳሱ እንዲላክ ተደረገ። የአጥቢያው መዝገብ በእሳት ወይም በእርጥበት ቢጠፋ የጳጳሱ ቅጂ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ኮርንዎል እስከ 1876 ድረስ በኤክሰተር ሀገረ ስብከት ሥር ስለነበረች ቅጂው ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ኤክሰተር ነው። መዝገቡ ወደ ኋላ በሄዳችሁ ቁጥር ይደርቃል፤ ከ1813 ወዲህ የአባትየው ሥራና መኖሪያ አለ፣ ከዚያ በፊት ግን ብዙውን ጊዜ "ጆን፣ የጆን ልጅ፣ ተጠመቀ" ብቻ ነው።

የብዙዎቹን የኮርንዎል መዛግብት ጽሑፍ በጎ ፈቃደኞች ገልብጠው በነፃ ኢንተርኔት ላይ አኑረውታል። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ያለ እነሱ አንድ እርምጃ አልራመድም ነበር። ግን የተገለበጠው መንገድ አመልካች ነው፤ ዋናውን ገጽ በዓይናችሁ ሳታዩ አትመኑ። የቤተሰቡን ስም በአምስት ዓይነት አጻጻፍ አግኝቼዋለሁ። ጸሐፊው የሚጽፈው የሰማውን ነው፤ ባለ ስሙ ማንበብ ካልቻለ ደግሞ ማን ያርመዋል? የእኔም ስም በፓስፖርቴ፣ በመኖሪያ ፈቃዴና በባንክ ደብተሬ ላይ በሦስት የተለያየ የፈረንጅ አጻጻፍ ስለተጻፈ ይህ ብዙም አልገረመኝም።

ሰባተኛው ቤት ላይ ስደርስ ተሰናከልኩ። በ1760 ግዌናፕ ውስጥ ያገባ ጆን አለ። ከ1754 ጀምሮ ጋብቻ በታተመ ቅጽ ላይ ስለሚመዘገብ የሙሽሮቹና የምስክሮቹ ፊርማ ይታያል፤ የእኛ ጆን መጻፍ ስላልቻለ በስሙ መካከል የመስቀል ምልክት አድርጓል። ታዲያ ይህ ጆን የማን ልጅ ነው? ሁለት ሕፃናት አገኘሁ። አንዱ ግዌናፕ በ1730፣ ሌላው ጎረቤት አጥቢያ ስቲዚያንስ በየካቲት 1731 የተጠመቁ ናቸው። የሁለተኛውን ወላጆች ጋብቻ ብፈልግ ሚያዝያ 1731 ሆኖ አገኘሁት። ልጁ ከወላጆቹ ጋብቻ ሁለት ወር ቀድሞ ሊጠመቅ ነው? አይሆንም ብዬ ጣልኩትና የግዌናፑን ያዝኩ። አንድ የሚከፈልበት የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ ብዙ ሰዎች ይህንኑ ጆን ይዘው አየሁና ልቤ ረጋ። ሁሉም ከአንድ ሰው የገለበጡት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

በዚያ ጆን ላይ ተመሥርቼ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ላይ ቆጠርኩ። ከዚያ አንድ ምሽት ሌላ ነገር ስፈልግ የቀብር መዝገቡን ገለጥኩ። የግዌናፑ ጆን በአራት ዓመቱ ተቀብሯል፤ "የእገሌ ልጅ" ተብሎ ከነአባቱ ስም። አለቀስኩ። ለባከነው ጊዜዬ ይሁን ለሕፃኑ እስካሁን አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ጥምቀት ባገኘሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ቀብሩን ነው።

ወደ ስቲዚያንሱ ጆን ተመለስኩ። ስህተቴም ወለል ብሎ ታየኝ። እንግሊዝ እስከ 1751 ድረስ ዓመት የምትቀይረው በመጋቢት 25 እንጂ በጥር 1 አልነበረም። በመዝገባቸው ከሚያዝያ 1731 በኋላ የሚመጣው የካቲትም 1731 ነው፤ በዛሬው አቆጣጠር ግን 1732 ይሆናል። ልጁ የተጠመቀው ከጋብቻው አሥር ወር በኋላ ነበር። መስከረም ላይ ዓመት የምቀይር፣ የልደት ቀኔን ለፈረንጅ መሥሪያ ቤት ስሞላ ሰባት ልደምር ወይስ ስምንት እያልኩ የኖርኩ ሰው ይህ እንዴት እንዳመለጠኝ!

ሊሆን ይችላል ማለት ግን ነው ማለት አይደለም። ማስረጃ ያስፈልገኝ ነበር፤ እሱን የሰጠኝ ኑዛዜ ነው። የአጥቢያ መዝገብ ማን መቼ እንደተጠመቀ ይነግራችኋል፤ ማን የማን እንደሆነ ዘርዝሮ የሚናገረው ኑዛዜ ነው። ከጥር 1858 በፊት ኑዛዜ የሚጸድቀው በቤተ ክህነት ፍርድ ቤት ነበር። የኮርንዎል ሊቀ ዲያቆናት ፍርድ ቤት ያጸደቃቸው ዛሬ ሬድሩዝ በሚገኘው ቤተ መዛግብት፣ በክሬሰን ከርኖው ይገኛሉ። በ2019 የተከፈተ ነው፤ ሕንፃው የድሮ ቢራ ፋብሪካ ነበር። ሀብታሞች በካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት ያጸድቁ ስለነበር የእነሱ ለንደን፣ ኪው ነው ያለው። ኤክሰተር ተቀምጦ የነበረው ግን በግንቦት 1942 በጀርመን የአየር ድብደባ ተቃጥሏል። ከ1812 እስከ 1857 ለግብር ሲባል የተገለበጡ ቅጂዎች በመትረፋቸው የአንድ አጎት ኑዛዜ ከዚያ አግኝቻለሁ።

ማውጫው ላይ ስቲዚያንስ፣ መበለት፣ 1768 የሚል አየሁ፤ ስሙም የኛ ነው። መበለት መሆኗ ዕድል ነው። ከ1882ቱ ሕግ በፊት ባል ያላት ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ መናዘዝ ስለማትችል የእናቶች ኑዛዜ ሲገኝ ባል የሞተባት ወይም ያላገባች ሴት ኑዛዜ ነው።

ሬድሩዝ የሄድኩት ዝናባማ ቀን ነበር። እስክሪብቶ አይገባም፣ እርሳስ ብቻ። ያመጡልኝ ወረቀት በአራት ታጥፎ የኖረ ስለሆነ በእጥፋቱ በኩል ቡናማ ሆኗል፤ የአንዲት መዳፍ ስፋት አለው ብል ነው። መጀመሪያ ምንም አላነበብኩም፤ ፊደሉ ትል ይመስላል። ከጊዜ በኋላ የተማርኩት ዘዴ ከምታውቁት ቃል መጀመር ነው። ሁሉም ኑዛዜ ማለት ይቻላል "በእግዚአብሔር ስም አሜን" ብሎ ይጀምርና "በሥጋዬ ታምሜ፣ አእምሮዬ ግን ሙሉ ሆኖ" ይላል። ከዚያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የጸሐፊውን ፊደል አንድ በአንድ ለቅሜ በወረቀት ላይ "ሀሁ" ሠራሁለት። ረጅሙ "ኤስ" "ኤፍ" ይመስላል፤ እሱን ከለያችሁ ግማሹ ተነበበ።

እንዲህ ይላል። ለልጄ ለጆን፣ የግዌናፕ አጥቢያ ቆርቆሮ ቆፋሪ፣ አንድ ሽልንግ። ለጆን ሴት ልጅ የናስ ድስቴን። ለጆን ወንዶች ልጆች ከአልጋዬ ግርጌ ያለውን ሣጥን። የተቀረውን ሁሉ ለሴት ልጄ፤ አስፈጻሚውም ባሏ ይሁን። የልጅ ልጆቹ ሦስት ስሞች ግዌናፕ ከተጠመቁት ከጆን ሦስት ልጆች ጋር አንድ ናቸው። አስፈጻሚው አማች ደግሞ በ1760 በጆን ጋብቻ ላይ በምስክርነት የፈረመው ሰው ነው። ከታች የእሷ ምልክት አለ፤ የተንቀጠቀጠ መስቀል፣ አንዱ እግሩ ላይ ቀለም ፈስሶበት። ጣቴን በላዩ ላይ አንዣበብኩ እንጂ አልነካሁትም።

ለባለቤቴ ፎቶውን ስልክለት "አንድ ሽልንግ ብቻ? ክዳዋለች ማለት ነው" አለ፤ አዘነም። እኔም ለጊዜው አመንኩት። ግን በኑዛዜ አንድ ሽልንግ የተጻፈለት ልጅ ብዙውን ጊዜ ድርሻውን ቀድሞ የወሰደ ነው፤ ስሙ የሚጠቀሰው ተረሳ እንዳይባል ነው። ይህን ለማረጋገጥ የባለ ርስቱን ሰነዶች ፈለግኩ። በኮርንዎል መሬት የሚያዘው ብዙ ጊዜ "በሦስት ነፍስ" ነበር፤ ውሉ 99 ዓመት ይላል፣ ግን የሚጸናው ስማቸው ከተጻፈው ሦስት ሰዎች አንዳቸው በሕይወት እስካሉ ነው። በ1740 የተጻፈው የአባትየው ውል ሦስቱን ነፍሶች እንዲህ ይጠራል፦ ራሱ፣ ሚስቱ፣ እና "ልጃቸው ጆን፣ ዕድሜው ስምንት ዓመት ገደማ"። ከ1740 ላይ ስምንት ሲቀነስ 1732 ነው። እናቱ ስትሞት መሬቱ በጆን ነፍስ ላይ ቆሞ ነበር። አልካደችውም።

እንዲህ ያለ ውል ለዘር ፈላጊ ወርቅ ነው፤ ዕድሜን ከነ ዝምድናው የሚሰጥ ሌላ ወረቀት በዚያ ዘመን እምብዛም የለም። ስለዚህ የሰዎቻችሁን ስም ብቻ ሳይሆን የመሬታቸውን ባለቤት ስም ፈልጉ። የጎደለ ጥምቀት ካጋጠማችሁ ደግሞ ሜቶዲስቶቹን አስቡ። የሜቶዲስቶች መሥራች ጆን ዌስሊ ግዌናፕ እየመጣ ይሰብክ ነበር፤ እሱ ከሞተ በኋላ በዚያ አገር የብዙ ሰው ልጅ የተጠመቀው በሜቶዲስት ጸሎት ቤት ስለሆነ በአጥቢያው መዝገብ አይገኝም።

ባለፈው ፋሲካ ደብረ ማርቆስ ደወልን። ባለቤቴ ስልኩን ይዞ በአማርኛ ሰባት ቤት ቆጠረ፤ እኔ አጠገቡ ሆኜ በጣቴ እየቆጠርኩለት። ጆን የስቲዚያንሱ ላይ ሲደርስ ድምፁ ሰለለ። አባባ ዝም ብለው አዳመጡትና "ተባረክ" አሉት። ቀጥለው "ያቺ ሽልንግ የሰጠችውስ፣ እናቱ፣ የማን ልጅ ናት?" ብለው ጠየቁ።

በ1731ዱ የጋብቻ መዝገብ ላይ የአባቷ የቤት ስም አለ፤ ስቲዚያንስ ግን አልተጠመቀችም። ከሚዋሰኑት አጥቢያዎች አንዱ ዌንድረን ነው። የዌንድረንን መዝገብ ምስል ትናንት አዘዝኩ፤ ጥምቀቱንም ቀብሩንም።