የፈረመው ሌላ፣ በሩን የከፈተው ሌላ

ጣናን አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን አጥንቶ አይጨርሰውም። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ግልገል አባይ ከሰከላ ተነሥቶ በደቡብ በኩል ይገባል፤ ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ከምሥራቅ ይመጣሉ፤ መገጭ ከጎንደር በኩል ይወርዳል። ለአንዱ ወንዝ የሚቀርብ ዩኒቨርሲቲ ከሌላው ይርቃል። አንዱ ጋ ጥሩ መሣሪያ አለ፣ አንዱ ጋ ዕድሜውን ለዓሣ ጥናት የሰጠ መምህር አለ፣ ሌላው ጋ ደግሞ ገበሬው በስም የሚያውቃቸው ተመራማሪዎች አሉ። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ ይህ መከፋፈል ይበልጥ ጎልቶ ታይቷል። አረሙ የማንንም ወሰን አይጠይቅም።

እኔ በአካባቢው ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የድኅረ ምረቃ አስተባባሪ ነኝ። ከጎረቤት ዩኒቨርሲቲ ጋር የማስተርስ ተማሪዎችን በጋራ ለማስተማር ስምምነት አለን፦ ተማሪው እኛ ጋ ይመዘገባል፣ ዋና አማካሪው ከእኛ ነው፣ ተባባሪ አማካሪው ከእነሱ ነው፣ የላቦራቶሪ ሥራው እዚያ ይሠራል። የመግባቢያ ሰነዱን ሁለቱ ፕሬዚዳንቶች በአዳራሽ ፈርመውታል። ይህን ትብብር ከልቤ እደግፋለሁ። ከዚያ በፊት ተማሪዎቻችን የሚፈልጉትን ሳይሆን ያለን መሣሪያ የሚለካውን ነበር የሚያጠኑት። ርዕሱን መሣሪያው ይመርጥላቸው ነበር ማለት ይቻላል። ናሙና ተሸክሞ አዲስ አበባ የሚሄደው ደግሞ ወጪውን ከኪሱ ይሸፍን ነበር።

ገጠመኙ የሰኔ መጨረሻ ነው። አንዲት ተማሪያችን ከማሳ ታጥቦ ወደ ሐይቁ የሚገባውን ናይትሬትና ፎስፌት (ተክል የሚመገባቸውን ንጥረ ነገሮች) ታጠና ነበር፤ እምቦጩን የሚያፋፋው ምን ያህሉ ከዩሪያውና ከሌላው ማዳበሪያ ነው የሚል ጥያቄ ነው የያዘችው። ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ዝናቦች ወሳኝ ናቸው። ያ ጎርፍ ካለፈ ተማሪዋ ሌላ ክረምት መጠበቅ አለባት፤ የሁለት ዓመቱ ትምህርት ሦስት ይሆናል ማለት ነው። የተከራየችው ጀልባ ደግሞ የተገኘው ዓርብ ጠዋት ነበር።

የውሃ ናሙና ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። በአራት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቅዞ ቢቀመጥ እንኳ ናይትሬቱም የሟሟው ፎስፌትም በ48 ሰዓት ውስጥ መለካት አለበት። አሲድ ጨምሮ ማቆየት ለናይትሬቱ ይረዳል፣ ለፎስፌቱ ግን አይሆንም። እሷ ሁለቱንም ትፈልጋለች። ስለዚህ ጠርሙሶቹን በበረዶ ሣጥን ይዛ ከወንዙ አፍ በቀጥታ ወደ ጎረቤት ዩኒቨርሲቲ ሄደች፤ ዐሥር ሰዓት ገደማ በሩ ላይ ደረሰች።

ጥበቃው አላስገባትም። ሰውየው ጥፋት የለባቸውም፤ ምን እንዳለበት ያላወቁትን ሣጥን ያለ ወረቀት ማስገባት አይችሉም። የትብብር ደብዳቤውን አስቀድመን ልከናል፣ ግን የተጻፈው ለኮሌጁ ዲን ነው፤ ዲኑ ለስብሰባ አዲስ አበባ ነበሩ። ትምህርት ክፍሉ ግልባጭ አልደረሰውም። ደወለችልኝ፤ እኔም ወደማውቃቸው ሁሉ ደወልኩ። ዓርብ ከሰዓት ስልክ ማንሣት ምን እንደሚመስል የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል።

በመጨረሻ የተገኙት የላቦራቶሪው ቴክኒሺያን ናቸው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ሰው ናቸው። ጉዳዩን ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ናሙናው ስንት ሰዓት ተቀዳ?» ነገርኳቸው። በእግራቸው ወደ በሩ ወርደው፣ በጥበቃው መዝገብ ላይ በስማቸው ፈርመው፣ «ነይ ልጄ፣ መጀመሪያ እናጣራውና ፍሪጅ ይግባ፤ ሌላውን በኋላ እናወራለን» ብለው አስገቧት።

ሌላ ችግር ቀርቶ ነበር። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ስለሆነ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ለዓመታዊ ቆጠራ ታሽጓል። ለልኬቱ የሚያስፈልገው ሪኤጀንት (መለኪያ ኬሚካል) እዚያ ውስጥ ነው። ሞዴል 20 የተባለውን የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ሞልቶ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ እንኳ ቆጠራው እስኪያልቅ በሞዴል 22፣ በወጪ ቅጹ፣ ዕቃ የሚያወጣ የለም። ይህም ደንብ ነው፣ ትክክልም ነው። ቴክኒሺያኑ፣ ጋሼ፣ ግን በከተማው የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ላቦራቶሪ የሚሠራ የድሮ ተማሪያቸው ጋ ደውለው፣ በዓይነት የሚመለስ ብለው ሪኤጀንቱን ተበደሩ። ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ ከተማሪዋ ጋር ስፔክትሮፎቶሜትሩ (መጠኑን በብርሃን የሚለካው መሣሪያ) ላይ ዋሉ። ሰዓቱ ሳያልፍ ሁሉም ተለካ። እያንዳንዱን ልኬት ደግሞ እንድትደግመው አደረጓት፤ «የእኔን ቁጥር እንዳታምኚ፣ የራስሽን አግኚ» ይሏት እንደነበር ነግራኛለች።

ሰኞ ላይ ለእኚህ ሰው የማብራሪያ ደብዳቤ ደረሳቸው። ያለ ፈቃድ በዕረፍት ቀን የመንግሥት መሣሪያ መጠቀማቸውና የውጭ ሰው ማስገባታቸው ተጠቅሶ በጽሑፍ እንዲያስረዱ ተጠየቁ። «የውጭ ሰው» የተባለችው በሁለቱ ተቋማት ስምምነት የምትማር፣ ተባባሪ አማካሪዋ እዚያው ግቢ ውስጥ ቢሮ ያለው ተማሪ ናት።

በጣም ተናደድኩ፤ አሁንም ሳስበው እናደዳለሁ። ሰነዱ ላይ የተጻፈውን ቃል በተግባር የፈጸሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ሰነዱ መኖሩን ግን የነገራቸው አልነበረም። ስንፈራረም ቴክኒሺያን አልተጠራም፣ ግምጃ ቤት አልተጠራም፣ ጥበቃ አልተጠራም። ተማሪን የሚያስገቡና የሚመልሱ፣ ዕቃ የሚሰጡና የሚከለክሉ ግን እነሱ ናቸው።

በእኛ በኩል ሆኖ የሆነውን በሰዓት በሰዓት የሚያስረዳ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ተባባሪ አማካሪውም ጻፉ። ዲኑ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ነገሩን በቅንነት አዩት፤ የማብራሪያ ጥያቄው ተነሥቶ በምትኩ የምስጋና ደብዳቤ ከግል ማኅደራቸው ጋር ተያያዘ። እኔ ግን በዚህ ብቻ እንዲያልቅ አልፈለግኩም። በአንድ መልካም ሰው ላይ የቆመ ትብብር ሰውየው ጡረታ የወጡ ቀን ይቆማል።

ኢኮኖሚክስ የተማሩ ባልደረቦቼ ሁልጊዜ የሚጠቅሱት ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 ናይሮቢ የተቋቋመው የአፍሪካ የኢኮኖሚ ምርምር ኅብረት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎችን ያስተሳሰረ የጋራ ማስተርስ አለው። ተማሪዎች መሠረታዊ ኮርሶችን በየዩኒቨርሲቲያቸው ይወስዳሉ፤ የምርጫ ኮርሶችን ናይሮቢ ላይ ተሰባስበው በጋራ ይማራሉ። አንድ ትምህርት ክፍል ብቻውን ሊያቀርብ የማይችለውን ኮርስ ለሁሉም ማድረስ ተችሏል። በአገሮች መካከል ይህን ትብብር አጽንቶ የያዘው የጋራ ሥርዓተ ትምህርት፣ የጋራ የጊዜ ሰሌዳና ቋሚ ጽሕፈት ቤት ነው። እኛ በአንድ ክልል ውስጥ፣ በአንድ አስፋልት ላይ ሆነን ይህ ያቃተን ከፊርማው በኋላ ያለውን ሥራ ለማንም ስላልሰጠን ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው የጋራ ስብሰባ ከሰነዱ ጋር የሚያያዝ አባሪ አዘጋጅተን አቀረብን። የጋራ ተማሪ የሁለቱንም ግቢ መታወቂያ ይይዛል። በእያንዳንዱ ግቢ አንድ ተጠሪና አንድ ተተኪ በስምና በስልክ ይታወቃሉ፤ ተጠሪው ዲን መሆን የለበትም። የዓመቱ ሪኤጀንት ከቆጠራው በፊት፣ በግንቦት፣ ወጪ ሆኖ ላቦራቶሪው ውስጥ ይቀመጣል። የደብዳቤው ግልባጭ ለጥበቃና ለግምጃ ቤት ይደርሳል። በስብሰባው ላይ ጋሼ ተጋብዘው ነበር፤ «ናሙና የተቀዳበት ሰዓት በደብዳቤው ላይ ይጻፍ» የሚለውን ነጥብ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ከአባሪው ሁሉ ተማሪዎቹን ይበልጥ የጠቀማቸው ይኸው ነው፤ ወረቀቱን ያየ ሰው ሁሉ ምን ያህል ጊዜ እንደቀረው ወዲያው ያውቃል።

አንዱ ጥያቄ ግን አልጸደቀም፤ ለቴክኒሺያኑ የዕረፍት ቀን ሥራ የትርፍ ሰዓት ክፍያ። የእነሱ ፋይናንስ «ተማሪዋ የእናንተ ናት» ይላል፣ የእኛው ደግሞ «ሠራተኛው የእነሱ ነው» ይላል፤ ለጋራ ሥራ የሚሆን የበጀት ኮድ ሁለቱም ጋ የለም። ለመጪው በጀት ዓመት እንዲከፈት በሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ስም የተጻፈውን ጥያቄ አስገብተናል፤ ከተባባሪ አማካሪው ጋር ሆነን እየተከታተልነው ነው።