መጀመሪያ ትዳር፣ ፍቅሩ በኋላ

መንፈሳዊ የፍቅር ልብ ወለድ እወዳለሁ ስል ሰዎች ፊት ላይ የሚመጣውን ነገር ለምጄዋለሁ። ግማሹ ስብከት በልብ ወለድ ተጠቅልሎ የቀረበ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ ፍቅሩ ተጣርቶ የወጣበት የፍቅር ታሪክ ነው ብሎ ያስባል። እውነት ለመናገር ሁለቱንም የሚመስል መጽሐፍ ሞልቷል። ጥሩው ግን እንቅልፍ ይነሳል። በተለይ ታሪኩ የድሮ ከሆነ።

እኔን የያዘኝ ይኸው «የድሮ» የሚለው ነገር ነው። በዛሬ ዘመን የሚተረኩት ብዙም አይስቡኝም። ሁለት ሰዎች ይዋደዳሉ፣ ትንሽ አለመግባባት ይፈጠራል፣ አንዴ ቢደዋወሉ የሚያልቀው ነገር ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ ይጎተታል። መቶ ሁለት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሲኬድ ግን ነገሩ ይከብዳል። ብርዱ እየገባ ነው። ባል ሞቷል። ጎረቤት የሚባለው ሰው ጋ ለመድረስ በፈረስ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። «ላግባው ወይስ ይቅርብኝ» የሚለው ጥያቄ እዚያ ቦታ ላይ የልብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የሚበላና የሚሞቅ ቤት የማግኘት ጉዳይም ነው። ጸሎቱም እንደዚያው። ሐኪም በሌለበት አገር ልጅ ሲያተኩሰው የሚጸለየው ጸሎትና ሁሉ ሞልቶ ሳለ የሚጸለየው አንድ አይደሉም። ስለዚህ አቋሜ ይኸው፦ በዚህ ዘርፍ ዘመኑን በደንብ ያጠና ደራሲ ፍቅሩም እምነቱም ይሳካለታል። ያላጠና ግን ሁለቱንም ገጸ ባህሪዎቹን እያስለፈለፈ ይነግረናል እንጂ አያሳየንም።

«ላቭ ካምስ ሶፍትሊ»ን እንውሰድ። ካናዳዊቷ ጃኔት ኦክ በ1979 ያሳተመችው ነው (ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ለዛሬው መንፈሳዊ የፍቅር ልብ ወለድ ገበያ በሩን የከፈተው እሱ ነው ይባላል። ሴራው ቀላል ነው። ማርቲ የምትባል ልጅ እግር ሴት ከባሏ ጋር አዲስ መሬት ፍለጋ ወደ አሜሪካ ምዕራብ ትጓዛለች። ባሏ መንገድ ላይ ይሞታል። እርጉዝ ናት። በቀብሩ ዕለት ክላርክ የሚባል የማታውቀው ሰው መጥቶ አግቢኝ ይላታል። እሱም ሚስቱ ሞታበት ሚሲ የምትባል ትንሽ ልጅ ይዞ ቀርቷል። ሰባኪው ዛሬ እዚህ አለ፣ ከሄደ ደግሞ ቶሎ አይመለስም። ለልጄ እናት ሁኚልኝ፣ ብርዱ ሲያልፍ ወደ አገርሽ መመለስ ከፈለግሽ መንገዱን እኔ እችላለሁ ይላታል። መሄጃ ስለሌላት ብቻ እሺ ትላለች። ያውም በሆዷ እየረገመችው።

እስከዚህ ያለውን ማንም ሊጽፈው ይችላል። መጽሐፉን መጽሐፍ ያደረገው ፓንኬኩ ነው። ማርቲ ምግብ መሥራት አትችልም። የምትችለው ፓንኬክ ብቻ ነው። ጠዋት ፓንኬክ፣ ማታ ፓንኬክ፣ በማግስቱም ፓንኬክ። ክላርክ አንገቱን ደፍቶ ይጸልያል፣ ከዚያ ይበላል። ምንም አይልም። ማርቲ ደግሞ ጸሎቱ ራሱ ግራ ያጋባታል፤ ይህ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ከማን ጋር ነው የሚያወራው ብላ ታየዋለች። ደራሲዋ እዚህ ቦታ ላይ «ክላርክ ትዕግሥተኛና አማኝ ሰው ነበር» ብላ ጽፋ ብታልፍ ኖሮ መጽሐፉን ዘግቼ እተኛ ነበር። እሷ ግን ፓንኬክ ታስበላዋለች። ሰውየውም ይበላል። መውደዱን እሱ ራሱ ገና አያውቀውም፣ እኛ ግን አውቀንበታል። (በ2003 ፊልም ሆኗል። ደህና ነው፣ ግን መጽሐፉን አይተካም።)

ዘርፉ ከእሷ በጣም ይቀድማል እንግዲህ። ሉ ዋላስ በክርስቶስ ዘመን የሚተረከውን «ቤን ሃር»ን ያሳተመው በ1880 ነው። ሰውየው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጄኔራል ነበር፣ መጽሐፉን ሲጨርስ ደግሞ የኒው ሜክሲኮ ግዛት ገዥ። እኔን የሚገርመኝ ግን አጻጻፉ ነው። በ1876 ባቡር ላይ ሮበርት ኢንገርሶል ከሚባለው ስመ ጥር የሃይማኖት ተቺ ጋር ሲያወሩ ያመሻሉ። ከባቡሩ ሲወርድ ዋላስን የከነከነው የኢንገርሶል ክህደት ሳይሆን የራሱ አለማወቅ ነው፤ ያምናል እንዳይባል አያውቅም፣ አያምንም እንዳይባልም አያውቅም። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን የምር የያዘው። ኢየሩሳሌምን በዓይኑ ሳያይ ከካርታና ከመጻሕፍት ላይ፣ በኮንግረሱ ቤተ መጻሕፍት ጭምር እየቆፈረ ጻፈ። ቦታውን ያየው መጽሐፉ ከወጣ በኋላ፣ የአሜሪካ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ኦቶማን ቱርክ ሲላክ ነው። ዛሬ በስልኩ ሁሉን ነገር መፈለግ እየቻለ የሮማን ወታደር ድንች የሚያስበላ ደራሲ ሲያጋጥመኝ እኚህ ሰው ትዝ ይሉኛል። ድንች ወደ አውሮፓ የገባው ከአሜሪካ ነው፣ ያውም ሮም ከወደቀች ከሺህ ዓመት በኋላ!

የፖላንዱ ሄንሪክ ሲንኪየቪች «ኩዎ ቫዲስ» ደግሞ በ1896 በመጽሐፍ ወጣ፣ ደራሲው በ1905 ኖቤል ተሸለመ። ዘመኑ የሮማው ቄሳር የኔሮ ነው፣ ሮም የተቃጠለችበት 64 ዓ.ም.። ቪኒሲየስ የሚባል ወጣት የጦር መኮንን ሊጊያ የምትባል ክርስቲያን ልጅ ያፈቅራል። ያፈቅራል ማለት እንኳ ይከብዳል፣ መጀመሪያ ላይ የሚፈልጋት እንደ ዕቃ ነው። አጥቷት ይፈልጋታል፣ ያገኛታል፣ ሊጠልፋት ይሄዳል። ጠባቂዋ ክንዱን ይሰብረዋል። ከዚያስ? እዚያው የክርስቲያኖቹ ቤት ውስጥ ተኝቶ ይታከማል። ሊጠልፍባቸው የመጣባቸው ሰዎች ክንዱን ጠግነው ያስታምሙታል። የሰውየው ልብ መለወጥ የሚጀምረው በክርክር ተረትቶ ሳይሆን አልጋ ላይ ተኝቶ «እነዚህ ሰዎች ለምን አልገደሉኝም» እያለ ነው። ስብከት ማለት ይህ ነው፣ ሰባኪ የለበትም።

ሁሉንም የምለካበት ግን መጽሐፈ ሩት ነው። አራት ምዕራፍ ብቻ። ሁሉ ነገር አለበት፦ ረሃብ፣ ስደት፣ ሁለት መበለቶች፣ ባዕድ አገር፣ መከር። ባሕር አይከፈልም፣ መልአክ አይመጣም። ታሪኩን የሚገፋው ሕግ ነው። ድሀና መጻተኛ ቃርሚያ እንዲለቅም የሚፈቅድ ሕግ ባይኖር ሩት ቦዔዝ እርሻ ላይ ባልተገኘች። የሟች ዘመድ መሬቱን እንዲቤዥ የሚያዝ ሕግ ባይኖር ሩት በሌሊት ቦዔዝ ወደተኛበት አውድማ መሄዷ ትርጉም ባልኖረው። ቦዔዝም ፍቅሩን አይናገርም፤ ሠራተኞቹን ጠርቶ ከነዶው እየመዘዛችሁ ሆን ብላችሁ ጣሉላት ነው የሚላቸው። እሷ እየለመነች እንዳይመስላት። ይህንን ባነበብኩ ቁጥር የክላርክ ፓንኬክ ትዝ ይለኛል። በነገራችን ላይ ያ በየሰርጉ የሚጠቀሰው «ሕዝብሽ ሕዝቤ፣ አምላክሽም አምላኬ ይሆናል» የሚለው ቃል የተነገረው ለባል አይደለም። ምራት ለአማቷ ነው ያለችው። ሙሽሮች ይህን ቢያውቁ ምን እንደሚሉ እንጃ።

ሕግ ሲገባበት ፍቅር እንዴት እንደሚጣፍጥ ለማየት የአሜሪካን የመሬት ሕግ ማየት ይበቃል። በ1862 የወጣው ነው። 160 ኤከር፣ ማለትም ወደ 65 ሄክታር የሚጠጋ መሬት፣ አምስት ዓመት ኖሮበትና አርሶት ላለማ ሰው ይሰጣል። ያላገባች ሴት ወይም መበለት በራሷ ስም ማመልከት ትችላለች። ባል ያላት ግን በአብዛኛው አትችልም። አሁን አስቡት፦ አንዲት ብቸኛ ሴት መሬት ልትጠይቅ መጥታለች፣ ከመዝገብ ቤቱ ደጃፍ ላይ ደህና ሰው አጋጠማት፣ እሱም ወደዳት። ዛሬ ብታገባው ምን ታጣለች? ይህን የሚያውቅ ደራሲ እጅ ላይ ያቺ ሴት «እግዚአብሔር ሆይ ምን ላድርግ» ብላ ስትጸልይ ጸሎቱ ክብደት አለው። የማያውቀው ደራሲ ግን ያችኑ ሴት የወይን ጠጅ ቀለም ቀሚስ አልብሶ ሜዳ ላይ ያስሮጣታል። በቃ።

እዚህ ላይ ግን ዘርፉን የምወቅስበት ነገር አለኝ። ያ መሬት ባዶ አልነበረም። የነባሮቹ ሕዝቦች መሬት ነበር። ስንቱ መጽሐፍ ነው ጎጆ ቀልሶ፣ አርሶ፣ አመስግኖ፣ ከዚያ በፊት እዚያ ማን እንደነበረ አንድ መስመር ሳይጽፍ የሚያልቀው! ባርነት ባለበት ደቡብ የሚተረኩትም እንደዚያው ናቸው፤ ዋናዋ ገጸ ባህሪ ደግ ናት፣ ባሪያዎቹ ይወዷታል፣ ታሪኩ ወደ ጭፈራው ይሄዳል። አማኝ የሚጽፈው መጽሐፍ ኃጢአትን በስሙ ለመጥራት ከሌላው ይልቅ መድፈር አልነበረበትም? ይህ ነገር አንጀቴን ያቃጥለዋል።

ሌላው የሚያስቀኝ የመጨረሻው ምዕራፍ ንስሐ ነው። ከሁለቱ አንዱ አማኝ ነው፣ ሌላው አይደለም። ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ እግዚአብሔርን ሲሸሽ የኖረ ሰውዬ ሊጠናቀቅ አሥር ገጽ ሲቀረው አንድ ዛፍ ሥር ተንበርክኮ ያለቅሳል። ጥምቀቱ ሳይደርቅ ቀለበት ይጠለቃል። ቀሽም ነው። ሰው እንዲህ አይለወጥም ማለቴ አይደለም፣ ሊለወጥ ይችላል። ግን ደራሲው ሰውየውን ለእግዚአብሔር ሳይሆን ለሰርጉ ሲያቻኩለው ያስታውቃል።

ፍራንሲን ሪቨርስ ከዚህ ታመልጣለች፣ ቢያንስ በከፊል። መጀመሪያ የተለመደውን ዓይነት የፍቅር ልብ ወለድ ትጽፍ ነበር፣ ካመነች በኋላ ነው ወደዚህ የዞረችው። በ1991 የወጣው «ሪዲሚንግ ላቭ» የነቢዩ ሆሴዕን ታሪክ ካሊፎርኒያ ወርቅ ወደሚቆፈርበት ወደ 1850 ይወስደዋል። ሆሴዕ ሚስቱን በ15 ብርና በገብስ መልሶ እንደገዛት ታስታውሳላችሁ። እዚህም ማይክል የሚባል ገበሬ ከሴተኛ አዳሪ ቤት ኤንጀልን ያገባል፣ እሷ ደግሞ ጥላው ትሄዳለች። ትመለሳለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። ብዙ አንባቢ በማይክል ፍቅር ይሞታል። እኔ ብዙም አልተመቸኝም። በጣም ፍጹም ነው፣ ደግሞም ገና አንዴ ሲያያት «ይህቺ ናት» የሚል የእግዚአብሔር ድምፅ ይሰማል። «እግዚአብሔር አንቺን አሳየኝ» የሚል ወንድ ያጋጠማት ሴት ሁሉ እዚህ ጋ ትንሽ ፈገግ ሳትል አትቀርም። የኤንጀል ምዕራፎች ግን ሌላ ናቸው። የምትሄደው ስለማትወደው አይደለም። በሕፃንነቷ የሸጧት ሰዎች ዋጋዋን ስለነገሯት፣ እሷም ስላመነቻቸው ነው። ያንን ቀስ እያለ ሲፈታ ማየት ሆድ ያባባል።

ስለ መኝታ ቤቱ በርም ልበል። በዚህ ዘርፍ በሩ ይዘጋል፣ አንባቢ ውጭ ይቀራል። ጓደኞቼ በዚህ ይፎግሩኛል። እኔ ግን ክልከላው ጥሩ ደራሲን የሚጠቅም ይመስለኛል። መሳም እንኳ መጨረሻ ላይ ከሆነ ከዚያ በፊት ላለው ሁሉ ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት። የተቀደደ እጅጌ መስፋት፣ ማገዶ ሳይጠየቁ ፈልጦ በር ላይ መከመር፣ ቡናውን እንዴት እንደምትወድ ማወቅ። ችሎታው የሌለው ደራሲ ደግሞ የሰውየውን ሰማያዊ ዓይን በየገጹ ይገልጻል።

ከየት ልጀምር ለሚለኝ ሰው ብዙ ጊዜ የምሰጠው «ክሪስቲ»ን ነው፣ የካትሪን ማርሻልን፣ 1967። በ1912 በአሜሪካ አፓላቺያ ተራሮች ውስጥ ለማስተማር የሄደች የ19 ዓመት ልጅ ታሪክ ነው፣ መነሻውም የደራሲዋ እናት ሕይወት ነው። ድህነት አለ፣ የደም መቃቃር አለ፣ ታይፎይድ አለ። ልጅቷ በሰባኪውና በእግዚአብሔር በማያምነው ሐኪም መካከል የምትዋልልበት የፍቅር ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ሥር ነው የሚሄደው፣ ለዚህም ነው የሚሠራው። በ1999 የተመሠረተው የክርስቲያን ልብ ወለድ ሽልማት ስሙን የወሰደው ከዚህ መጽሐፍ ነው።

እሱን የወደደ ወደ ሪቨርስ የ1993 «ኤ ቮይስ ኢን ዘ ዊንድ» ይለፍ። ሐዳሳ በ70 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ስትወድቅ የተማረከች ክርስቲያን አይሁዳዊት ናት፣ ለሮማ ባለጸጎች ባሪያ ሆና ትሸጣለች። እምነቷን ለመናገር ትፈራለች፤ እኔ በጣም የወደድኩላት ይህንን ነው። የቤቱ ልጅ ማርከስ ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች፣ እሺ ግን አትለውም። ከዚህ በላይ አልናገርም። ብቻ የመጀመሪያውን ቅጽ ስትጀምሩ ሁለተኛው አጠገባችሁ ይኑር። ፍጻሜው ላይ ደርሳችሁ ሁለተኛውን ፍለጋ በእኩለ ሌሊት ሰው እንዳትቀሰቅሱ።