ቦርዱ ተቃጥሏል ሲሏችሁ ቶሎ አትመኑ

ሆም ቴአትር ለምትገዙ ሁሉ ነው ይህን የምጽፈው። እኔን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ስንት ንዴት በቀረልኝ!

ስፒከሮቹን መግጠም ቀላል ነው። ቀዩ ሽቦ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር፤ የአንዱ ከተገላበጠ ድምፅ ይኖራል፣ ቤዙ ግን ይሳሳል። የመሃሉን ከቲቪው ሥር፣ ሁለቱን ከሶፋው ኋላ። አለቀ።

ጣጣው የዲሹ ድምፅ ነው። የሱቁ ባለሙያ ደብረ ብርሃን እቤት ድረስ መጥቶ ምስልና ድምፅ የሚያስተላልፈውን ኤችዲኤምአይ ኬብል ከቲቪው ወደ ሆም ቴአትሩ ሰክቶ ሄደ። ምስል አለ፣ ድምፁ ግን ከቲቪው እንጂ ከስፒከሮቹ አይወጣም። መልሼ ጠራሁት። የቲቪውን ጀርባ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ መቀየር አለበት» አለኝ፤ የሆም ቴአትሩን የውስጥ ሰርኪት ማለቱ ነው። ገና ከካርቶን የወጣ ዕቃ! ዋስትናውስ ስለው «መብራት ያቃጠለውን አይሸፍንም» አለ። ፍላሽ ስሰካበት እኮ ያው ሆም ቴአትር ቤቱን ያናውጠዋል። ቦርዱ ከተቃጠለ ይሄ ሁሉ ድምፅ ከየት መጣ? ብዬ ብጠይቀው ሒሳቡን ነው የነገረኝ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ዕቃው ምንም አልሆነም። ከቲቪው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች መካከል ድምፅ መልሶ የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ አንዱ ብቻ ነው። አጠገቡ በደቃቁ «ኤአርሲ» (ARC) ይላል፤ በስልክ መብራት ካላያችሁት አይታይም። በሆም ቴአትሩም በኩል እንዲሁ። ኬብሉን እዚያ አዛወርኩት። ቀጥሎ ከሴቲንግ ሲኢሲን (CEC)፣ ማለትም ዕቃዎቹ በኬብሉ እርስ በርስ እንዲታዘዙ የሚያደርገውን፣ ማብራት ነው፤ ሳምሰንግ ኤኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ ይሉታል። ከዚያ የድምፅ መውጫውን ከቲቪ ስፒከር ወደ ኤአርሲ መቀየር። ወዲያው ድምፁ መጣ!

መመሪያው የዲጂታል ድምፁን «አውቶ» ላይ ተዉት ይላል። እኔ ግን ድምፅ እየተቆራረጠ ካስቸገራችሁ ፒሲኤም (PCM) የሚለውን ያልታመቀ ድምፅ ምረጡ እላለሁ። በኤአርሲ ሲሄድ ወደ ስቴሪዮ፣ ማለትም ወደ ግራና ቀኝ ድምፅ ብቻ፣ ይወርዳል፣ እውነት ነው። ግን ዜናና ድራማ የምናይበት ቻናል አብዛኛው ራሱ ስቴሪዮ ስለሆነ አይቆጫችሁ።

ኤአርሲ የመጣው በ2009 እ.ኤ.አ. ከወጣው ኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር ነው። ቲቪያችሁ ከዚያ በፊት ከሆነ ድምፅን በብርሃን የሚያስተላልፍ ኦፕቲካል ኬብል ግዙ፤ ጫፉ ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ክዳን ንቀሉ፣ ቲቪው ላይ ስትሰኩት በሌላኛው ጫፍ ቀይ ብርሃን ታያላችሁ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ድምፁ ከጠፋም አትደንግጡ፣ ባለሙያም አትጥሩ። ቲቪውንም ሆም ቴአትሩንም ከሶኬት ነቅላችሁ ትንሽ ቆዩና ቲቪውን አስቀድማችሁ አብሩ። ስታብላይዘር ግን ከዕቃው ጋር አብራችሁ ግዙ፣ ነገ ዛሬ አትበሉ።