ለጎዳና ልጅ ማን ይቆምለታል?

አዲስ አበባ ውስጥ በማኅበራዊ ሠራተኝነት ስሠራ ከሁሉ በላይ ሐሳብ የሆኑብኝ ሁለት ዶሴ ያላቸው ልጆች ነበሩ። አንዱ ዶሴ ወረዳ ነው ያለው፤ «አሳዳጊ የሌለው» ይላል። ሌላው ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ «ስልክ ነጥቆ ሲሮጥ የተያዘ» ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያነብ ሰው አልነበረም።

ሕጉ ግን እንዲህ ያለውን ልጅ አልዘነጋውም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ልጅ እንደተያዘ ወዲያው በአቅራቢያው ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ነገሩ ለሌላ ቀን ከተቀጠረ ልጁ ለወላጁ፣ ለአሳዳጊው ወይም ለዘመዱ ይሰጣል፤ እነሱ ከሌሉ በቀጠሮው ቀን ለሚያቀርበው ታማኝ ሰው። ሥራዬን ከዚች ሐረግ ጀመርኩ። (ይህችን ሐረግ ሳስታውሳቸው ደስ የሚላቸው ፖሊሶች ብዙ ነበሩ። ልጅ ጣቢያ ማሳደር ለእነሱም ጭንቅ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ከአዋቂ ይለይ ቢልም ለብቻው የሚሆን ክፍል ሁልጊዜ አይገኝም።)

ታማኙን ሰው የሚያውቀው ልጁ ራሱ ነው። «ሲርብህ ማን ጋ ትሄዳለህ? ሲያምህስ?» እያልኩ እጠይቅ ነበር። ከወላይታ መጥቶ መርካቶ ሊስትሮ የሚሠራ አንድ ልጅ፣ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ቆሎ የሚሸጡ እናት እንዳሉ ነገረኝ፤ ሳጥኑን ማታ ማታ የሚያስቀምጡለት እሳቸው ናቸው። ሄጄ ስነግራቸው ደነገጡ። «ልጄ፣ ቢጠፋብኝስ? እኔን ሊያስሩኝ ነው?» አሉ። የሚፈርሙት ምን እንደሆነ ቁጭ ብዬ አነበብኩላቸው፤ የፈሩትን ሁሉ እስኪጨርሱ ሰማኋቸው። በቀጠሮው ቀን ከእኔ ቀድመው ደረሱ። ዳኛዋም ስለ ልጁ ጠባይ አብዛኛውን የጠየቁት እሳቸውን ነበር።

ሁለተኛው ነገር ዕድሜ ነው። ልጅ 15 ዓመት ካለፈው በመደበኛው ሥርዓት ነው የሚዳኘው፤ ዳኛው ቅጣቱን ያቀልሉለት ይሆናል እንጂ ለታናናሾቹ የተዘጋጀው መንገድ ያመልጠዋል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ገጠር የተወለደ ልጅ እጅ ላይ ብዙ ጊዜ ወረቀት የለም። ሐኪም የሚሰጠው ግምት ነው። ስለዚህ የክርስትና ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ አፈላልግ ነበር። የሊስትሮውን ልጅ ፊደል ያስቆጠረው መምህር በስልክ ተገኝቶ መዝገብ ሲያገላብጥልን፣ ከዕድሜው ሌላ ከቤት ለምን እንደወጣም ሰማን።

ይህ የመጨረሻው ወሬ ከሁሉም የበለጠ ጠቀመን። ልጅን አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ «ቤተሰቡን ተቀላቀለ» ብሎ ሪፖርት መጻፍ እንደ ድጋፍ መቆጠሩ ያናድደኛል። የእንጀራ አባቱ ዱላ ያባረረውን ልጅ እዚያው ደጃፍ ላይ ብታደርሰው ብዙም ሳይቆይ መርካቶ ታገኘዋለህ። ለዚህ ልጅ አያቱ ነበሩ መልሱ። የወንጀል ሕጉም ጥበቃ የሚሻን ልጅ ለዘመድ፣ ለታማኝ ሰው ወይም ሕፃናትን ለሚያሳድግ ድርጅት በአደራ መስጠትን ይፈቅዳል። አያቱን አስቀድመን አነጋግረን፣ የወረዳዋን ባለሙያ ችሎት ይዘናት ስለቀረብን፣ ውሳኔው ሲሰጥ ልጁ የት እንደሚያድርና የት እንደሚማር ታውቆ ነበር። ባለሙያዋ ከውሳኔው በኋላም በአያቱ ስልክ ትደውልለት ነበር። መዝገብ ሲዘጋ ሁሉም ወደ ቤቱ የሚሄድበት ያ ሳምንት ለእንዲህ ያሉ ልጆች ከሁሉ የከፋው ነው፤ የጉዞና የስልክ በጀት ሲያዝ መጀመሪያ ለእሱ እንዲያዝ እከራከር የነበረው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የሆነው ባለሙያዋን ስለማውቃት ነው። እሷ ሌላ ቦታ ስትዛወር ከአዲሱ ባለሙያ ጋር እንደገና ከመተዋወቅ ጀመርን። ልጅ በተያዘ ቀን ፖሊስ ለወረዳው እንዲደውል፣ የወረዳው ባለሙያም ችሎት እንዲቀርብ የሚያስገድድ የጽሑፍ አሠራር በየክፍለ ከተማው ቢኖር፣ ጉዳዩ በሰው ትውውቅ ላይ አይንጠለጠልም ነበር።