ለሰፈር ዜብራና ጉብታ ብር ከየት ይመጣል?

ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ ዋናው ጎዳና በኮሪደር ልማት ሰፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አግኝቷል። ከጎዳናው ጥቂት ወደ ውስጥ ሲገባ ግን የትምህርት ቤት በር ላይ እንኳ ዜብራ የሌለበት ሰፈር ሞልቷል። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ ጥያቄው የሚቀርበው ለማይመለከተው ቢሮ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መንገዱ የማን እንደሆነ ይጣራ። አስፋልቱ የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን ነው። ምልክት፣ ቀለምና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ የትራፊክ ማኔጅመንት ሥራ ነው። የውስጥ ኮብልስቶን ደግሞ ከወረዳና ከክፍለ ከተማ ይጀመራል። የሰፈሩ ኮሚቴ ሌሊት ተነሥቶ ያለ ፈቃድ በራሱ ሲሚንቶ ጉብታ ቢያፈስስ ሊፈርስበት ይችላል፤ በዚያ ላይ መኪና ቢገለበጥ ተጠያቂው እሱው ነው።

ዜብራና ምልክት በአንድ ደብዳቤ፣ ከፍ ያለ ማቋረጫ (እንደ ጉብታ ከመንገዱ ከፍ ብሎ የሚሠራ የእግረኛ መሻገሪያ) በሌላ ደብዳቤ ጠይቁ። ቀለም እንደ ጥገና ሊታይ ይችላል። ኮንክሪት የገባበት ግን ዲዛይንና ጨረታ ይፈልጋል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ቀላሉ ሥራ ከባዱን ሲጠብቅ ይከርማል። ከነዳጅ ሽያጭ የሚሰበሰበው የመንገድ ፈንድም በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመው ለመንገድ ጥገናና ለትራፊክ ደህንነት ነው። ነዋሪ በቀጥታ አይጠይቀውም፤ ገንዘቡ የሚያልፈው በመንገድ መሥሪያ ቤቶች በኩል ነው። ደብዳቤያችሁ «ጥገና» እና «ደህንነት» የሚሉትን ቃላት ይያዝ፤ «አዲስ ግንባታ» ካለ ይህን በር በገዛ እጃችሁ ዘጋችሁት።

በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ጥያቄው ጥርና የካቲት ላይ፣ እቅድ ሲዘጋጅ፣ ወረዳው ጠረጴዛ ላይ መገኘት አለበት። ግንቦት ላይ የገባ ደብዳቤ ለከርሞ ነው። ከደብዳቤው ጋር ከትራፊክ ፖሊስ የተገኘ የአደጋ መረጃና የፍጥነት ልኬት አያይዙ። ልኬቱ ቀላል ነው፦ 50 ሜትር በኖራ ምልክት አድርጉና መኪናው ሲያልፍ በስልክ ሰዓት ያዙ። 6 ሰከንድ ከፈጀ ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ3 ሰከንድ ካለፈ 60 ነው። የ40 መኪና ሰንጠረዥ ከአሥር ገጽ አቤቱታ ይበልጣል።

እድሩ የነዋሪውን መዋጮ ለመሰብሰብ፣ ቃለ ጉባኤ ለመያዝና ማኅተም ለማሳረፍ ተወዳዳሪ የለውም። የውጭ እርዳታ ለመቀበል ግን አይመችም፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና እቁብን አይመለከትም። ኤምባሲዎች ለአነስተኛ ፕሮጀክቶች የሚሰጡትን ድጋፍ የምታስቡ ከሆነ ማመልከቻው በተመዘገበ አገር በቀል ድርጅት ወይም በትምህርት ቤቱ ስም ይግባ። የጃፓን ኤምባሲ ለምሳሌ ከእነዚህ ይቀበላል፤ ደመወዝና የዕለት ተዕለት ወጪ ግን አይሸፍንም። በአቅራቢያው ያለ ባንክ ወይም ሆቴል ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ከመስጠት ይልቅ የብስክሌት ማቆሚያ ብረት ወይም ሲሚንቶ መግዛት ይቀለዋል። ሂሳቡንም ያጠራል።

የከፍ ያለው ማቋረጫ የወጪ ግምት ላይ ተጠንቀቁ። 7 ሜትር ስፋት ላለው መንገድ፣ 10 ሴንቲሜትር ከፍታ፣ 4 ሜትር ጠፍጣፋ አናት፣ በሁለቱም ወገን 1.5 ሜትር መወጣጫ ያለው ማቋረጫ ከአስፋልቱ በላይ ላለው ብቻ 3.85 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይወስዳል። በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ቢታሰብ ወደ 14 ኩንታል ነው፤ ለብክነት 15 ይያዝ። በዚህ ላይ አሸዋ፣ ጠጠር፣ የእጅ ዋጋና 15 በመቶ ቫት ይጨመራሉ። ብዙ ግምት የሚወድቀው ግን በተረሳው የውኃ መውረጃ ነው። ማቋረጫው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ከተዘረጋ የክረምት ጎርፍ እዚያው ይታቆርና ወደ ሱቆቹ ይገባል፤ ከሁለቱም ጠርዝ ቱቦ ወይም ክዳን ያለው ቦይ ይቀመጥለት። የመወጣጫው እግር ደግሞ አስፋልቱ ላይ እንዲያው ከተለጠፈ ቀጭኑ ጠርዝ በጥቂት ወር ይፈረካከሳል፤ አስፋልቱ ተቆርጦ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ወደ ታች ይግባ። ሚኒባሱን ማስቆም ስለማይቻል ግማሽ ግማሹን አፍስሱ፤ እያንዳንዱ ግማሽ 7 ቀን ውኃ ይጠጣ።

ኮብልስቶን ላይ ቀለም አይበረክትም። እዚያ ዜብራው በቀለማቸው በሚለዩ ድንጋዮች ይሠራ። አስፋልት ላይ በተቀባው በኩል ደግሞ ከክረምት በኋላ መስከረም ላይ ማን በምን በጀት ድጋሚ እንደሚቀባው ሥራውን ከሚሠራው ቢሮ ጋር በምትፈራረሙት ስምምነት ላይ በስም ይጻፍ።